በእኔ ፈንታ የገባችው ጢንዚዛ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽ «ምንም አልልም» እያልሽ ነው? አባባስ? እህቴ ሚጡስ? ቤቱስ፣ ደጁስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ልል ነበር፤ ብዕሬ ግን እምቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት በእኔ ምክንያት ቤታችን ምን እንደመሰለ ሚጡ ነግራኛለችና ደህና ናችሁ ብሎ መገመት ዓይን አውጣነት መሰለኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሌላ ጊዜ ይህችን ቃል የምጽፋት ለደንቡ ያህል ነበር፤ ዛሬ ግን የደብዳቤው ቁም ነገር ራሷ ናት። ደህና ነኝ፣ አልሞትኩም፣ አልቆሰልኩም፣ ጣቴ እንኳ አልተላጠም። ይህን የምጽፍልሽም እኔው ልጅሽ በገዛ እጄ ነኝ።

የዚያን ቀን በስልክ ድምፄን ስትሰሚ፣ «በዚህ ዘመን ድምፅን ማንም ያስመስላል፤ ልጄ ከሆንክ በእጅህ ጻፍልኝ» ብለሽ ስልኩን ለሚጡ መለስሽላት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። እናት የልጇን ድምፅ እስከማታምን ድረስ ምን ቢያስደነግጧት ነው? እንግዲህ ጽሕፈቴን ተመልከቺው። ዶሮ የጫረችው ነው እያልሽ የምትስቂበት ጽሕፈት ይኸው ነው። ይህን ማን ያስመስለዋል? ማንስ ወዶ ይሰርቀዋል?

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ። የአጎቴ ጓደኛ ሹፌሩ ያሰማችሁ ወሬ ግማሹ እውነት ነው፤ የቀረው ግማሽ ነው በቁሜ ያስለቀሰልኝ።

በምሠራበት ፋብሪካ ሲሚንቶው ተፈጭቶ የሚጠራቀምበትን ጎተራ እንላለን። ጎተራ ስልሽ የእህሉን እንዳታስቢ፤ ፎቅ የሚያህል፣ ክብ፣ መስኮት የሌለው የኮንክሪት ግንብ ነው። ሲሚንቶው እርጥበት ሲያገኘው ከግድግዳው ጋር ይጋገርና መንገዱን ይዘጋል። ስለዚህ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ አንድ ሰው ከላይ በገመድ ይወርድና ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳ የላላውን ያረግፋል፣ የጠነከረውን ይለያል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ከላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝልኝ ደግሞ መልህቅ የምንለው ጓደኛዬ ነው። መልህቅ ያሉት ግዙፍ ስለሆነና ከቆመበት ስለማይነቃነቅ ነው። እኔን ቆንጥር ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ አንቺ አትጠይቂኝም፣ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

እኛ የገመድ ሰዎች አንድ ሕግ አለን። የሚወርደው ሰው መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት የዘወትር ጫማውን አውልቆ፣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ግድግዳው አዙሮ መሰላሉ ሥር ያስቀምጥና የገመድ ቦቲውን ያጠልቃል። ስልኩንም ጫማው ውስጥ ይተወዋል። ጫማው እዚያ እስካለ ድረስ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ማሽን የሚያስነሳ፣ በር የሚዘጋ የለም። ዝናብ ቢመታው እንኳ ጫማውን ማንም አይነካለትም። የሚያነሳው በደህና ወጥቶ የመጣው ባለቤቱ ብቻ ነው። ቢሮዎቹ ማን እንደገባ የሚያሳይ ካርድ የሚንጠለጠልበት ሰሌዳ አላቸው፤ እኛ ግን የምናምነው ጫማውን ነው።

በቅርቡ አለቃችን አንዲት ወጣት ይዘው መጡ፤ ድሮን አብራሪ ናት። ድሮን ማለት ያቺ በሠርግ ላይ ከሰማይ ሆና ሙሽሮችን የምትቀርጸው ናት፤ ሚጡ ታስረዳሽ። የፋብሪካዋ ግን ከግድግዳ ጋር ብትላተም እንዳትሰበር በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣለች፤ የራሷ መብራትና ካሜራ አላት፤ ስትበር ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። ገና በመጀመሪያው ቀን ጢንዚዛ ብለን ስም አወጣንላት። ግምጃ ቤት ገብታ ጣሪያ ድረስ የተከመረውን ጆንያ ቆጥራ መጣች። የጭስ ማውጫውን ዙሪያ በርራ ማንም ያላየውን ስንጥቅ አሳየች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ጎተራ ውስጥም ትግባ ሲባል ግን ደሜ ፈላ።

እንጀራዬ ነዋ፣ እማዬ! የእኔ ብቻ ደግሞ አይደለም፤ የሚወርድ ሰው ከሌለ ገመድ ያዥ ለምን ይቀጠራል? አለቃችንን ፊት ለፊት ገጠምኳቸው። «ጎተራ የሚታወቀው በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም» አልኳቸው። አባቴ አናጢ ነው፣ እንጨቱን በጣቱ አንኳኩቶ ውስጡ መበላቱን ይነግራችኋል፣ እኔም የእሱ ልጅ ነኝ ብዬ ፎከርኩ። ሦስተኛውን ጎተራ ራሴ አንኳኩቼዋለሁ፣ አለት ነው፣ ምንም አይለውም አልኩ። አለቃችን የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «አለት ከሆነ እሷም አለት ነው ብላ ትመጣለች፤ አንተን ምን ቸገረህ?» አሉኝ። መልህቅ ክርኔን ይዞ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ተው አሁን» እያለ ጎትቶ አወጣኝ። እሱንም ተቆጣሁት።

አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት፣ ድሮኗ እምቢ ካለች የምትወርደው አንተ ነህ፣ ተዘጋጅተህ ጠብቅ ተባልኩ። እኔም ጫማዬን አውልቄ መሰላሉ ሥር አስቀመጥኩ፣ ቦቲዬን አጠለቅሁ። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። መልህቅ የሚይዘው ገመድ ስላልነበረ ማሸጊያ ክፍል እንዲያግዝ ተላከ። አብራሪዋ ከሦስተኛው ጎተራ ታችኛው በር ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር ወንበሯን አድርጋ ጢንዚዛዋን በበሩ አስገባቻት። ጢንዚዛዋ እምቢ አላለችም። መብራቷን አብርታ ግድግዳውን እየታከከች ወጣች። ሰው ሁሉ ስክሪኑን ከቦ «ወይ ጉድ!» ይላል። እኔ እዚያ መኖሬን ያስታወሰ የለም። ያኔ ያ የምታውቂው አመሌ መጣ። «ይህች ጢንዚዛ የምታየውን እኔ ያለ ገመድ ወርጄ አሳያችኋለሁ!» ብዬ ጮኽኩና ትቻቸው ሄድኩ።

አልወረድኩም፣ እማዬ። ደፋሩ አፌ ነው እንጂ እግሬ አይደለም። ከማሸጊያው ጀርባ የተቀደደ ጆንያ የሚከመርበት ጥግ አለ፤ እዚያ ሄጄ ጋደም አልኩ። ልጅ ሳለሁ ሳኮርፍ አልጋ ሥር ገብቼ እንቅልፍ ይወስደኝ አልነበር? አሁንም ያው ነኝ። ጫማዬ መሰላሉ ሥር መቅረቱ ትዝም አላለኝ።

በእንቅልፌ መሃል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኝ ነበር፤ ከባድ መኪና ያለፈ መስሎኝ ተገላበጥኩ። በደንብ ያነቃኝ ጩኸት ነው። ስነሳ ግቢው ጉም የወረደበት ይመስላል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጎተራው ይሮጣል። እኔም ሮጥኩ። የታችኛው በር እስከ ጉበኑ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ከውስጥ የፈነዳው አቧራ ሰዉን ሁሉ አመድ አስመስሎታል፤ ቅንድብ የለ፣ ከንፈር የለ፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እኔም ገና እንደደረስኩ እነሱን መሰልኩ። ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። «የተጋገረው ተደርምሶ ነው» አለኝ አንዱ እያሳለ። ሰው አለ ወይ አልኩ። «አንድ ሰው አለ» አለኝ።

አንድ ሰው አለ ሲለኝ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? አካፋ አንስቼ መቆፈር ጀመርኩ። ማን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ስም አይጠየቅም። እየቆፈርኩ አለቅሳለሁ። «ምስኪን! እናቱ ይህን ስትሰማ ምን ትሆን ይሆን?» እያልኩ እቆፍራለሁ። ያዘንኩላት እናት አንቺ ነበርሽ፣ እማዬ። ይህን ስጽፍ ብዕሩን አስቀምጬ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

ከአጠገቤ አንድ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይዝቃል። አካፋ ቢያቀብሉትም አይቀበልም። የሚለው ነገር አለ፣ ግን አቧራው ጉሮሮውን ዘግቶት አይሰማም። ጠጋ ስል ሰማሁት። «ቆንጥር! ወንድሜ! ገመዴን ትተህ ለምን ገባህ?» ይላል። መልህቅ ነው።

ክው አልኩ። ሰው በገዛ ስሙ ሲለቀስ ሰምቶ ያውቃል? አካፋው ከእጄ ወደቀ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለአፍታ ያህል ምናልባት ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ይህ ውጭ የቆመው ሌላ ነገር ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። እግሬን አየሁ፤ ቦቲው እግሬ ላይ ነው። ዞሬ መሰላሉን አየሁ። ጫማዬ፣ ከቤት ስወጣ አንቺ የገዛሽልኝ ቡናማው ጫማ፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ሰው በዚያ ሁሉ ግርግር እየዘለለው ይሮጣል እንጂ ማንም አልረገጠውም። ያኔ ነው የገባኝ። ጫማውን አይተዋል፤ ፉከራዬን ሰምተዋል፤ እኔን የትም አላገኙኝም። ታዲያ የት ይበሉኝ?

የመልህቅን ትከሻ ነካሁና «እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ አላመነኝም። በአውራ ጣቱ ከፊቴ ላይ አቧራውን ጠረገ፤ አንዱን ጉንጬን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ በጥፊ አጮለኝ። ከአባባ እንኳ እንዲህ ያለ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም። ወዲያው ደግሞ አቅፎኝ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። አብራሪዋ መሬት ላይ ተቀምጣ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። «ስክሪኑ ሲጨልም ከላይ ሰው ወርዶ ይሁን አይሁን መማል አልቻልኩም» ትላለች። እሷ እንኳ ምላ የለም ብትል ጫማው ቆሞ ሳለ ማን ይሰማታል?

በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ። ከጫማዬ ውስጥ ነው። መልህቅ ነገረኝ፣ ለካ ገና ቁፋሮው ሲጀመር ጀምሮ ይጮኽ ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ የሚያነሳው ግን የለም። እየሰሙ ይቆፍራሉ፣ እየቆፈሩ ያለቅሳሉ። አንተ አንሳልኝ አልኩት መልህቅን። «ራስህ አንሳው፤ ወጥተህ የለም እንዴ?» አለኝ። ሄጄ አነሳሁት። ሚጡ ነበረች። ሃሎ ስላት «አንተ ማን ነህ? የወንድሜን ስልክ ማን ሰጠህ?» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥሎ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሹፌሩ፣ ያ የአጎቴ የድሮ ጓደኛ፣ በዚያ ሰዓት ሲሚንቶ ሊጭን መጥቶ ኖሯል። ለቅሶውን ሰማ፣ ጫማውን አየ፣ ለአጎቴ ደውሎ መርዶውን ነገረና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ከጆንያዬ ላይ እስክነሳ እንኳ አልጠበቀም። መጀመሪያ ላንቀው ፈልጌ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ያየውን ነው የተናገረው።

በማግስቱ አለቃችን እኔንና መልህቅን ጠሩን። ጢንዚዛዋ ተቀብራ ብትቀርም የላከችው ምስል አብራሪዋ ዘንድ ቀርቶ ነበር። አየነው። መብራቷ ግድግዳውን እየላሰ ይወጣል። የመዶሻዬን ጠባሳዎች አወቅኋቸው፤ አለት ነው ያልኩት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። አብራሪዋ አይታት ኖሮ ጢንዚዛዋን ጠጋ አደረገቻት። ትንሽ አቧራ ተንጠባጠበ። ከዚያ የተጋገረው ግድግዳ ወደ ካሜራው መጣ። ወደቀ አልልሽም፤ ቁጭ ብሎ የነበረ ነገር እንደሚነሳ ሁሉ፣ ቀስ ብሎ፣ በሙሉ መጣ። ከዚያ ጨለመ። አብራሪዋ መልሳ ልታሳየን ስትል አለቃችን «ይበቃቸዋል» አሉ።

ጢንዚዛዋ ባትገባ ኖሮ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ተንጠልጥዬ የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። መልህቅም ገመዴን ስለማይለቅ ከላይ ተጎትቶ ይከተለኝ ነበር። አንቺን መዋሸት አልፈልግም፣ እስካሁን ምግብ ስጎርስ ያ ግድግዳ ይመጣብኛል። ጆሮዬን አምኜ ሌላ ሰው ልኬስ ቢሆን? ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይህን ነው መሰለኝ፤ ያኮረፍኩባት ናት በእኔ ፈንታ የተቀበረችው።

ሲሚንቶው ተጠርጎ ሲያልቅ ጢንዚዛዋ ወጣች። ቅርጫቷ እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨማድዷል፤ ካሜራዋ ተሰባብሯል። ሌሎቹ ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ሊጥሏት ሲሉ ተቀበልኳቸውና በሸሚዜ ጠረግኋት። አሁን አልጋዬ ራስጌ ተቀምጣለች። ለብረት እንዲህ ይደረጋል ወይ ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ሳቂ፣ ሳቅሽን ናፍቄያለሁ።

ሥራው ምን እንደሚሆን ገና አልተቆረጠም። አለቃችን አዲስ ድሮን አዝዘዋል፤ ከእንግዲህ እሷ ሳታይ ሰው አይወርድም ብለዋል። መልህቅ ደግሞ ከእንግዲህ ገመዴን እንደማይዝልኝ በግልጽ ነግሮኛል። «አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም» አለኝ። አብራሪዋ ሁለታችንንም ላስተምራችሁ ትላለች። መልህቅ ጣቶቹ መቆጣጠሪያው ላይ አንድ አዝራር ሲነኩ ሦስቱን ይጫናሉ፤ እኔም ይህን ጽሕፈት በሚጽፍ እጄ ካበረርኳት ጢንዚዛዋ ሰክራ ነው የምትወጣው። ቢሆንም ሞክረናል። እሱን ጥለው እኔን ቢያስቀሩኝ እንደማልቀመጥ ለአለቃችን ነግሬያቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሳልጮኽ ነው የነገርኳቸው። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እሳቸውም «መጀመሪያ ሂድና እናትህ ትይህ» ብለው ፈቃድ ሰጥተውኛል።

አባባን በያለበት ሳሚልኝ። ጆሮው ለእንጨት ያገለግላል እንጂ ለሲሚንቶ እንዳልሆነ ልጁ በመከራ ተምሯል በይው። ሞቴን ሲሰማ መጋዙን እንደያዘ ቁጭ ማለቱን ሚጡ ነግራኛለች፤ እሱን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው። ሚጡን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ማንም በማያነሳው ስልክ ላይ ያን ያህል መደወሏን ዕድሜ ልኬን አልረሳላትም። አጎቴን ሰላም በይልኝ፤ አልተቀየምኩትም፣ ግን ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል ብለሽ አስታውሺው። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት አሉ፤ በሕይወቴ ሳለሁ ግን ሱሪዬን አሳጥራ ያበላሸችብኝ እሷው ናት፤ አሁን ይቅር ብያታለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሚጡ እንደነገረችኝ፣ የዚያን ቀን አልጋ ሥር የነበረውን የድሮ ጫማዬን አውጥተሽ ደጃፉ ላይ አስቀምጠሽዋል፤ ለቀስተኛው ከሄደ በኋላም ማንም እንዲያነሳው አልፈቀድሽም። እኔ ስለ ሕጋችን ነግሬሽ አላውቅም። ማን ነገረሽ፣ እማዬ? አሁንም ማንም አይንካው፤ አንቺም ጭምር። ባለቤቱ ወጥቷል። መጥቶ ራሱ ያነሳዋል።

ጽሕፈቱ የማያምር ልጅሽ

ከፋብሪካው ሠፈር፣ ከሠራተኞች ማደሪያ
ሚያዝያ ፲፯ ቀን